የመኪና ኤሌክትሪክ ሕመምና አውጫጪኝ

በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው መኪናው ጧት አልነሣ ቢለው ታክሲ ይሳፈራል፤ መካኒክም በስልክ ያስጠራል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በአንዲት የገጠር ከተማ ያለችው መኪና አልነሣ ስትል ለገበያ የተጫነው እህል ሳይሄድ ይቀራል፤ ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ሆስፒታል የምትደርስበት ሰዓት ይዘገያል፤ መካኒኩም ከደብረ ብርሃን ተጠርቶ እስኪመጣ ቀኑ ይመሻል። ይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ኋላ ሲመረመር የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ የላላ ብሎን ወይም አንድ የሻገተ የባትሪ ጫፍ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ መሆኑ ነው።

ነገ ተመርቀን በመምህርነት፣ በጤና ወይም በእርሻ ሥራ ወደ ወረዳ ስንወጣ ከሹፌሩ ጋር መንገድ ላይ የምንቀር እኛው ነን። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለምሕንድስና ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የአርትስ ተማሪ ነው። ለምርመራው የሚያስፈልገው ከፍተኛ ሒሳብ ሳይሆን ነገርን በተራ የመጠየቅ ልማድ መሆኑን ለጓደኞቹ ለማሳየት ይሞክራል።

ሀ. ሌባሻይና አውጫጪኝ

በአገራችን የጥንት ፍርድ የተሰወረ ሌባን ለማግኘት ከሚሠራባቸው መንገዶች ሁለቱን እናስታውስ። አንደኛው ሌባሻይ ነው። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ልጁ ይሰክርና ወገቡን ታስሮ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ሁለተኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ የሚባለው ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይጠየቃል፤ ነገሩ እስኪወጣም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አውጫጪኝም ቢሆን የራሱ በደል ነበረበት፤ ንጹሑን ሰው ከሥራው ያስፈታ ነበርና። ነገር ግን መሠረቱ መጠየቅ እንጂ መውደቅ አልነበረም።

ዛሬ ብዙ ሰው መኪናውን የሚመረምረው በሌባሻይ ነው። «ባትሪው ነው» ይባልና አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ አልሆነም። «እንግዲያስ ሞተሪኖው ነው» ይባልና ይለወጣል፤ አሁንም አልሆነም። በመጨረሻ ሦስተኛው ሰው መጥቶ አንድ ብሎን ሲያጠብቅ መኪናው ይነሣል። ገንዘቡ ሄዷል፤ ሁለት ንጹሓን ዕቃዎችም ያለ ምስክር ተፈርዶባቸዋል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ሳይለኩ አለመለወጥ፣ ሳይጠይቁም አለመፍረድ ነው።

ለ. ኤሌክትሪክ በመኪና ውስጥ እንዴት ይሄዳል?

ኤሌክትሪክ ሦስት ነገር ይሻል፤ መነሻ፣ መሄጃና መመለሻ። መነሻው ባትሪው ነው። መሄጃው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ወጥቶ በፊውዝ (ነባር ሹፌሮች ቫልቮላ በሚሉት)፣ በማብሪያና በሽቦ አልፎ ወደ አምፑሉ ወይም ወደ ሞተሪኖው ይደርሳል። መመለሻው ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። በመኪና ውስጥ ለእያንዳንዱ አምፑል የመመለሻ ሽቦ እስከ ባትሪው ድረስ አይዘረጋም፤ የመኪናው ብረት አካል ራሱ መመለሻ ይሆናል። የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍም በወፍራም ገመድ ከአካሉና ከሞተሩ ጋር ይታሰራል። ይህ እስራት ከላላ ወይም ከዛገ፣ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም ኤሌክትሪኩ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ ስለሚያጣ ሥራው ይቆማል።

ጀርመናዊው ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ለዚህ ነገር ቁልፍ ነው። በአንድ መንገድ ላይ የሚባክነው ቮልት የሚያልፈው አምፔር በመንገዱ እንቅፋት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሻገተ የባትሪ ጫፍ ላይ 0.02 ኦም ብቻ የሆነ እንቅፋት ተፈጠረ እንበል። ሬዲዮ 1 አምፔር ያህል ቢስብ በእንቅፋቱ ላይ የሚጠፋው 0.02 ቮልት ስለ ሆነ አይታወቅም። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ቢስብ የሚጠፋው 3 ቮልት ነው። ከ12 ቮልት 3 ሲቀነስ ለሞተሪኖው የሚደርሰው 9 ብቻ ይሆናል፤ ባትሪው ራሱ ሲደክም የሚቀንሰውም ሌላ ነው። «ሬዲዮው እየዘፈነ፣ መብራቱም እየበራ መኪናው ለምን አይነሣም?» ለሚለው የዘወትር ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ሬዲዮው መዝፈኑ የባትሪውን ደኅንነት አያስመሰክርም።

ሐ. የደጋው ብርድና የጀማ ሙቀት

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የጓሳ ሜዳማ ከዚያም ይበልጣል፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥልበታል። የባትሪ ኀይል የሚመነጨው በእርሳስና በአሲድ መካከል ከሚሆነው የኬሚካል ሥራ ነው፤ ይህም ሥራ በብርድ ይዘገያል። ሙቀቱ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ባትሪው በደኅና ቀን ከሚሰጠው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ይሰጣል። በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ኀይል ይጠይቃል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚነሣው በታመቀ አየር ሙቀት ነው፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ መዞር ይኖርበታል። ሦስቱ ችግሮች በአንድ ጧት ይገጣጠማሉ ማለት ነው።

ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የጀማን ሸለቆ ይሻገራል። በዚያ ያለው ሙቀት ባትሪውን ለጊዜው ያበረታዋል፤ ነገር ግን ሙቀት ሲደጋገም የባትሪው ውሃ ይተናል፤ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎችም ቶሎ ያረጃሉ። ስለዚህ በቆላ ውስጥ ውስጡን የታመመ ባትሪ በሽታው የሚገለጠው በደጋ ጧት ነው። ሹፌሩ «ትናንት ደኅና ነበር» ሲል አልዋሸም፤ ትናንት የቆመው ሙቅ ቦታ ስለ ነበረ ነው።

መ. የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ከሁሉ በፊት ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚለካ ቴስተር ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ አንድ የ12 ቮልት አምፑል ሁለት ሽቦ ታስሮለት ያገለግላል፤ አንደኛውን ሽቦ ከመኪናው አካል፣ ሁለተኛውን ከሚጠረጠረው ቦታ ስታስነኩት ቢበራ ኤሌክትሪክ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ቁጥር 10 ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቂት ቫዝሊንና ትርፍ ፊውዝ ይበቃል።

ስለ እነዚህ ስሞች አንድ ነገር ልጨምር። ከጋራዥ ቃላታችን ብዙዎቹ የኢጣሊያንኛ ናቸው፤ ትርጉማቸውን ያወቀ ሰውም ሥራቸውን በቶሎ ይረዳል። ሞተሪኖ ማለት «ትንሽ ሞተር» ነው፤ ትልቁን ሞተር አዙሮ የሚያስነሣ ነውና። ቺንጋ «መታጠቂያ» ነው፤ ዲናሞውን ከሞተሩ ጋር አስታጥቆ ያዞራል። ፍሬቻ «ፍላጻ» ነው፤ መታጠፊያውን ያመለክታል። በጣርማ በር ዋሻ የሚያልፍ መንገደኛ የኢጣሊያን የመንገድ ሥራ ያያል፤ ኮፈን የሚከፍት ሰው ደግሞ ቋንቋውን ይሰማል።

ሠ. ከመነካቱ በፊት

ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ጎማውንም በድንጋይ ደግፉ። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና የብር ማተብ አውልቁ፤ በሁለቱ የባትሪ ጫፎች መካከል ብረት ቢገናኝ ፍም ይሆናል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ስለ ሆነ በአጠገቡ ክብሪት መጫርና ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ቢነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ መታጠብ ይገባል፤ ዓይን ከሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይከተል። በመሪው አካባቢ ያለውን ብዙ ጊዜ ቢጫ የሆነውን የኤርባግ ሽቦ በአምፑልም ሆነ በቴስተር አትሞክሩ።

ረ. የምርመራው ተራ

1ኛ ጥያቄ፤ ባትሪው ሙሉ ነውን? መኪናው ከቆመ ጥቂት ሰዓታት ካለፈ በኋላ፣ ሁሉም መብራት ጠፍቶ፣ በሁለቱ የባትሪ ጫፎች ላይ ቮልት ይለካ። 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ 12.0 ከሆነ አንድ አራተኛ ቀርቶታል። እንደ አይሱዙ ባሉ ብዙ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪዎች ተከታትለው 24 ቮልት ስለሚሰጡ እያንዳንዱ ለየብቻው ይለካ፤ አንደኛው ደኅና ሁለተኛው ድኩም ሆኖ ይገኛልና።

2ኛ ጥያቄ፤ ባትሪው ሥራ ሲጠየቅ ይቆማልን? አንድ ሰው ቁልፍ ሲያዞር ሌላው ቴስተሩን ይመልከት። ቮልቱ ከ9.6 በታች ቢወርድ ባትሪው ወይ ባዶ ነው፣ ወይ አርጅቷል። ሞልተው ሲሞክሩት እንደገና ከወደቀ እርጅና ነው። ያለ ጭነት 12.5 ያሳየ ባትሪ በሥራ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ይህ ሁለተኛው ጥያቄ አይዘለል።

3ኛ ጥያቄ፤ መንገዱ ንጹሕ ነውን? ባትሪው ደኅና ሆኖ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ብቻ ከቀረ ወይም በዝግታ ከዞረ ጥርጣሬው በመንገዱ ላይ ነው። ምሳሌ እንመልከት። ላንድክሩዘር መሐል ሜዳ አድራ ጧት «ቀጭ» ትላለች እንበል። ቁልፍ ሲዞር በባትሪው ጫፎች ላይ 11.8 ቮልት አለ፤ በሞተሪኖው ላይ ግን 8.0 ብቻ ደረሰ። የ3.8 ቮልት ሌባ አለ ማለት ነው። አሁን አንዱ የቴስተር ዘንግ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ይሁንና ቁልፉ እንደገና ይዙር። ደኅና ቢሆን ከ0.5 ቮልት በታች ባሳየ ነበር፤ የታየው ግን 3.3 ሆነ። እንግዲህ ፖዘቲቩ መንገድ ከሞላ ጎደል ነጻ ወጥቷል፤ ጥፋተኛው የመመለሻው እስራት ነው። ይፈታል፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈተጋል፤ ይታሰራል፤ ቫዝሊንም ይቀባል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የያዘው የባትሪ ጫፍ ከሆነም ጥቂት የዳቦ ሶዳ በገባበት ሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ውሃው ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ ግን ጥንቃቄ ይደረግ። ባትሪ ሳይገዛ፣ ሞተሪኖም ሳይለወጥ መኪናዋ ትነሣለች።

ቁልፍ ሲዞር ምንም ድምፅ ካልተሰማስ? ያን ጊዜ ወደ ሞተሪኖው ትእዛዝ የሚያደርሰው ቀጭን ሽቦ ይጠየቅ። ቁልፉ ዞሮ በዚህ ሽቦ ጫፍ ላይ የሙከራው አምፑል ካልበራ ነገሩ በፊውዝ፣ በሬሌ ወይም በቁልፉ ማብሪያ ላይ ነው። ከበራና ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ መመለሻው ንጹሕ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ በሞተሪኖው ላይ በእውነት መፍረድ ይቻላል። ሞተሪኖው በደኅና እያዞረ ሞተሩ ካልነሣ ግን ባትሪውን መውቀስ ከንቱ ነው፤ ወደ ነዳጁ፣ ወደ ካንዴላው፣ በናፍጣ መኪናም ወደ ማሞቂያው መሄድ ያስፈልጋል።

4ኛ ጥያቄ፤ ዲናሞው ይሞላልን? ሞተሩ ተነሥቶ በባትሪው ጫፎች ላይ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። እንደ ቆመ ጊዜ 12.4 ብቻ ካሳየ ዲናሞው አይሞላም፤ ቅድሚያ ቺንጋው እንዳልላላ፣ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ሽቦም እንዳልተፈታ ይታይ። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ የቮልት መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ ባትሪውን ያፈላዋል፤ አምፑሎችንም ይጨርሳል። ሞተሩ እየሠራ ዲናሞውን ለመፈተን ባትሪውን መፍታት የድሮ ልማድ ነው፤ በዛሬ መኪና ውስጥ ያሉትን የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ሊያቃጥል ስለሚችል መተው ይገባል።

5ኛ ጥያቄ፤ ሌሊት የሚጠጣው ማን ነው? ባትሪውም ዲናሞውም ደኅና ሆነው መኪናው እያደረ የሚሞት ከሆነ በሌሊት የሚስብ ነገር አለ። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራቶች ተረስተው ቢያድሩ 9 አምፔር ያህል ስለሚስቡ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ በ7 ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጨርሳሉ። አንድ ባለ 5 ዋት የውስጥ አምፑል የሚስበው 0.42 አምፔር ብቻ ነው፤ ቢሆንም በሦስት ቀን ግማሹን ይወስዳል። ለማወቅ ሁሉን አጥፍታችሁ ኔጌቲቩን ፍቱ፤ ቴስተሩንም አምፔር ላይ አድርጋችሁ በባትሪው ራስና በተፈታው ገመድ መካከል አስገቡት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከ0.05 አምፔር በታች ካሳየ ደኅና ነው። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደሚወርድ ተመልከቱ። ሌባው በዚያ ፊውዝ ሥር ነው። ይህ በእውነት አውጫጪኝ ነው። ቴስተሩ በዚህ አኳኋን ሳለ ግን ቁልፍ ማዞር ቴስተሩን ያቃጥላል።

6ኛ ጥያቄ፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠፋው? አንድ አምፑል ብቻ ከጠፋ አምፑሉ ወይም የራሱ መመለሻ ነው። በአንድ ፊውዝ ሥር ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጠፉ ፊውዙ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው የሚደበዝዝ ወይም አብሮ የሚበራ ከሆነ የኋላ መብራቱ መመለሻ ላልቷል፤ ኤሌክትሪኩ መንገድ ሲያጣ በጎረቤቱ በኩል ይመለሳልና።

ሰ. ስለ ፊውዝ አንድ ማሳሰቢያ

ፊውዝ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተክቶ መንዳት በየመንገዱ የሚታይ ነው። ፊውዝ ግን ሆነ ተብሎ ደካማ የተደረገ ዘበኛ ነው፤ ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሱ ይሞታል። 10 አምፔር የተጻፈበት በ10 ይተካ። የተተካውም ወዲያው ከተቃጠለ በሥሩ ያለ ሽቦ ልጣጩ ተልጦ ብረት ነክቷል፤ ዘበኛውን በወፍራም ሽቦ መለወጥ መኪናውን ከነሰዎቹ ለእሳት መስጠት ነው።

ሸ. ለጊዜው ለመነሣት

ሕመምተኛ የያዘ መኪና ምርመራው እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከሌላ መኪና ባትሪ ለመበደር መጀመሪያ ሁለቱም እኩል ቮልት መሆናቸውን አረጋግጡ፤ 24 ቮልት ያለው አይሱዙ ለ12 ቮልት መኪና ያበድር ዘንድ ፈጽሞ አይፈቀድም። ፖዘቲቩ ገመድ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ወደ ደኅናው ፖዘቲቭ ይታሰር፤ ሁለተኛው ከደኅናው ኔጌቲቭ ወደ ሞተው መኪና የሞተር ብረት፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይታሰር። ሲፈታ በተገላቢጦሽ ነው። ገፍቶ ማስነሣት ለማርሽ መኪና ብቻ ነው፤ ባትሪው ጨርሶ ባዶ ከሆነ ደግሞ ዘመናዊው መኪና ተገፍቶም ላይነሣ ይችላል። በተለይ በገደላማ መንገድ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ፍሬኑ እንደሚጠነክርና መሪውም እንደሚከብድ ሳይታሰብ ቁልቁል መልቀቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ቀ. የቤት ምርመራ ወሰን

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በደጋው መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ተተኪ ስለማያገኙ ዕድሜያቸው በእኛ እንክብካቤ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ይሄዳል። በእነዚህም ውስጥ ለመብራትና ለመቆጣጠሪያ የሚሆን 12 ቮልት ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ስላለ ከላይ ስለ ባትሪና ስለ ፊውዝ የተጻፈው ብዙው ይሠራል፤ ነገር ግን ብርቱካን ቀለም ያላቸው ወፍራም ገመዶች በመቶ የሚቆጠር ቮልት ስለሚያስተላልፉ ይገድላሉ። እነሱን የሚነካ ለዚሁ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። የዲናሞን ሆድ መክፈት፣ የቃጠሎ ሽታ ያለውን የሽቦ ጥቅል መፍታትና የሞተር ኮምፒዩተርን መነካካትም ለመካኒኩ ይተው።

ለመካኒኩ ስንተወው ግን ባዶ እጃችንን አንሂድ። በአንድ ወረቀት ላይ ባትሪው በቆመ ጊዜ ስንት ቮልት እንደ ነበረ፣ ቁልፍ ሲዞር ስንት እንደ ሆነ፣ ሞተሩ ሲሠራ ስንት እንዳሳየ፣ ምን ድምፅ እንደ ተሰማና የትኛው ፊውዝ እንደ ተቃጠለ እንጻፍ። «አልነሣ አለኝ» የሚል ሰው ለመካኒኩ ሌባሻይን ያመጣለታል፤ አምስት ቁጥር ጽፎ የሚመጣ ግን ምስክሮቹን ይዞ ቀርቧል። በቅርቡ ለዕረፍት ወደ መንዝና ወደ መርሐቤቴ የምትሄዱ ጓደኞች አንድ ቴስተር ይዛችሁ ብትሄዱና በመንደራችሁ ያሉትን የባትሪ ጫፎች ብትመረምሩ፣ ውርጩ ሳይመጣ የሚድን መኪና አታጡም።